ውሃው ከምጡ ሲቀድም

አገራችን ውስጥ ነፍሰ ጡር የሚሰናበት ሰው ዝም ብሎ አይወጣም። «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ብሎ ነው የሚወጣው። ወልዳ ስትገኝ ደግሞ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ትባላለች። ማረችሽ! ቃሉን ልብ ብላችሁታል? ምህረት እንዳገኘ ሰው፣ ከፍርድ እንዳመለጠ ሰው ነው የምናናግራት። አያቶቻችን ይህን ቃል ሲመርጡ አላጋነኑም። መውለድና መሞት አንድ አልጋ ላይ የሚያድሩበት ዘመን ስለነበረ ነው።

ዛሬ ልናጫውታችሁ ያሰብነው ከዚያው አልጋ ሳንርቅ ስለ አንዲት ጠባብ ጥያቄ ነው። ምጥ ሳይመጣ የእንሽርት ውሃ ቢፈስ ምን ይደረጋል? ይጠበቃል ወይስ ይወለዳል? «ይሄ የሴቶች ጨዋታ ነው» ብላችሁ ልታልፉን ያሰባችሁ ወንድሞቻችን እባካችሁ አትቸኩሉ። ይህች ጥያቄ የሐኪሞችን ኩራት፣ የአንድ ፕሬዚዳንት ልጅን፣ የኒውዚላንድን በጎችና የአየርላንድን ሕገ መንግሥት የነካች ጥያቄ ናት። ደግሞስ አንድ ቀን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ታክሲ ፍለጋ የምትሮጡት እናንተው አይደላችሁም እንዴ?

ከመጀመራችን በፊት አንድ ማሳሰቢያ፦ ዓመተ ምህረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ወደ ነገራችን።

ሁለት ገደሎች

ሕፃን በማህፀን ውስጥ የሚኖረው ውሃ በቋጠረ ስስ ከረጢት ውስጥ ነው። ውሃው እንሽርት ይባላል። ከረጢቱ ሁለት ሥራ አለው። ሕፃኑን ከግጭት ይጠብቃል፤ ከታች የሚመጣውን ተህዋስም ይከላከላል። እንደ ልማዱ ከሆነ ምጡ ይቀድማል፣ ከረጢቱ በምጡ መሃል ይቀደዳል፣ ሕፃኑም ይከተላል። አንዳንዴ ግን ተራው ይዛባል። ጊዜያቸው ከደረሰ እርግዝናዎች ውስጥ ከመቶ በስምንት ያህሉ ውሃው ከምጡ ይቀድማል። ይህ ብዙም አያስፈራም፤ አብዛኞቹ እናቶች በአንድ ቀን ውስጥ ምጣቸው ይመጣል።

አስቸጋሪው ሌላው ነው። ከመቶ እርግዝና በሦስት ያህሉ ውሃው የሚፈስሰው 37 ሳምንት ሳይሞላ ነው። ያለጊዜያቸው ከሚወለዱ ሕፃናት ከሦስቱ የአንዱ መነሻ ይኸው ነው። እዚህ ላይ ሐኪሙም እናቲቱም በሁለት ገደል መሃል ይቆማሉ። ሕፃኑ ውስጥ ይቆይ ከተባለ በሩ ተከፍቷልና ተህዋስ ይገባል፤ እናትንም ልጅንም ይመርዛል። ይውጣ ከተባለ ደግሞ ሳንባው ገና አልበሰለም። አንዱን ስትሸሹ ሌላው ላይ ትወድቃላችሁ፤ ከድጡ ወደ ማጡ እንደሚባለው።

እንግዲህ የዚህ ጉዳይ ታሪክ የእነዚህ የሁለቱ ገደሎች ታሪክ ነው። መጀመሪያ ሰው የተዋጋው ከመጀመሪያው ጋር ነበር።

የሐኪሙ እጅ

የሚገርመው ነገር ሐኪሞች ከረጢቱን ይፈሩት ብቻ ሳይሆን ሆን ብለውም ይቀዱት ነበር። በ1756 የለንደን ሐኪሞች ተሰብስበው ዳሌዋ የጠበበ እናት ልጇ ሳይገዝፍ ቀድማ እንድትወልድ ማድረግ ተገቢ ነው ወይስ ኃጢአት ብለው መከሩ። ተገቢ ነው ብለው ተስማሙ። ይህንን የተረከልን የዘመኑ ታዋቂ አዋላጅ ሐኪም ቶማስ ዴንማን ነው። መንገዱም ከረጢቱን መብሳት ነበር። ከዚያ ወዲያ ዘዴው በአውሮፓ «የእንግሊዞች ዘዴ» ተብሎ ታወቀ። ውሃው ከፈሰሰ ምጥ እንደሚከተል ያውቁ ነበር ማለት ነው። ከውሃው በኋላ በተከፈተው በር ምን እንደሚገባ ግን አያውቁም።

የሚገባው በሐኪሙ ጣት ላይ ነበር። በ1795 አሌክሳንደር ጎርደን የተባለ የስኮትላንድ ሐኪም በአበርዲን ከተማ የአራስ ትኩሳት ከቤት ወደ ቤት የሚዘዋወረው በአዋላጆችና በሐኪሞች አማካይነት እንደሆነ ጻፈ። እሱ ራሱም በሽታውን ወደ ብዙ እናቶች እንዳደረሰ አልሸሸገም። የከተማው ሰው ጠላው፤ ሥራውን ትቶ ወደ ባሕር ኃይል ተመለሰ። በ1843 ኦሊቨር ዌንደል ሆምስ በቦስተን ተመሳሳይ ነገር ጻፈ። ታላላቆቹ የማዋለድ መምህራን ተቆጡበት።

ከዚያ ቪየና መጣች። በከተማዋ ትልቁ ሆስፒታል ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩ። በአንደኛው የሚያዋልዱት ሐኪሞችና የሕክምና ተማሪዎች፣ በሁለተኛው አዋላጅ ሴቶች ናቸው። በሐኪሞቹ ክፍል የሚሞቱት እናቶች በአዋላጆቹ ክፍል ከሚሞቱት ከእጥፍ በላይ ነበሩ። እናቶች ይህን ስለሚያውቁ ወደ ሁለተኛው ክፍል እንዲላኩ እያለቀሱ ይለምኑ ነበር። መንገድ ላይ የወለዱት እንኳ ከሐኪሞቹ ክፍል ይሻላቸው ነበር። ኢግናዝ ሰመልቫይስ የተባለ ወጣት ሀንጋሪያዊ ሐኪም ይህ እንቅልፍ ነሳው። በተለይ የማህፀናቸው በር ለመከፈት ብዙ ሰዓት የፈጀባቸው እናቶች ከሞት የሚተርፉት በጣት የሚቆጠሩ መሆናቸውን አስተዋለ። ምጥ በረዘመ ቁጥር በጣቱ የሚመረምር ተማሪ ይበዛል።

በ1847 መጋቢት ላይ የሰመልቫይስ ባልደረባ ኮለችካ አስከሬን ሲመረምር በቢላ ተወግቶ ሞተ። የሞተበት በሽታ ከአራሶቹ ጋር አንድ ዓይነት ነበር። ነገሩ ግልጽ ሆነ፦ ተማሪዎቹ ጠዋት አስከሬን ከፍተው፣ ከዚያ እጃቸውን በወጉ ሳይታጠቡ እናቶችን ይመረምራሉ። ሰመልቫይስ እጅ በክሎሪን ውሃ እንዲታጠብ አዘዘ። በሚያዝያ 1847 ከመቶ 18 የነበረው ሞት በሐምሌ ወደ ከመቶ 1.2 ወረደ።

አመሰገኑት? አላመሰገኑትም። «ገዳዮቹ እናንተ ናችሁ» የሚል መልዕክት ማን ደስ ብሎት ይሰማል? ሰመልቫይስም ተናዳፊ ሰው ነበር። በ1865 በአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ውስጥ በቁስል መመረዝ ሞተ። ዓለም ያመነው በኋላ፣ የተህዋስ ሳይንስ ሲመጣ ነው። የአራስ ትኩሳት ትልቁን ሽንፈቱን የቀመሰው ደግሞ በ1936 ሊዮናርድ ኮልብሩክ በለንደኑ ኩዊን ሻርሎት ሆስፒታል የሰልፋ መድኃኒትን ሞክሮ ውጤቱን ሲያሳትም ነው። ፔኒሲሊን ተከተለ። የመጀመሪያው ገደል በዚህ ጠበበ። አልተደፈነም፤ ጠበበ።

39 ሰዓት

ሁለተኛው ገደል ሳንባ ነው። ለብዙ ዘመን ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ለምን ታፍነው እንደሚሞቱ የገባው አልነበረም። በ1959 ሜሪ ኤለን ኤቨሪ የተባለች አሜሪካዊት የሕፃናት ሐኪም ከጄሬ ሚድ ጋር ሆና ምስጢሩን ፈታችው። የሳንባ ጥቃቅን ከረጢቶች አየር ሲወጣ እንዳይጣበቁ የሚያደርግ ሳሙና መሰል ነገር አለ፤ ሰርፋክታንት ይባላል። ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን ይህ የለውም። ስለዚህ እያንዳንዷ ትንፋሽ ለእሱ የተጣበቀ ፕላስቲክ ከረጢት በአፍ ነፍቶ እንደመክፈት ነው። ይደክማል፤ ከዚያ ያቆማል።

ምክንያቱ ታወቀ እንጂ መድኃኒት አልነበረም። በነሐሴ 1963 የፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ ልጅ ፓትሪክ ከአምስት ሳምንት በላይ ቀድሞ ተወለደ። ክብደቱ 2.1 ኪሎ ነበር። የዓለም ኃያል አገር መሪ ልጅ ነውና ያልተሞከረ ነገር የለም። በ39 ሰዓት ውስጥ ሞተ። ዛሬ እንዲህ ያለ ሕፃን ደህና ክፍል ካገኘ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል። ያኔ ግን ገንዘብም ሥልጣንም እውቀት የሌለበትን ቦታ ሊሞሉት አልቻሉም።

የግልገሉ ትንፋሽ

መልሱ የመጣው ማንም ካልጠበቀው ቦታ ነው፤ ከበግ በረት። በኒውዚላንዷ ኦክላንድ ግራሃም ሊጊንስ የተባለ የማህፀን ሐኪም የሚያስጨንቀው ጥያቄ «ምጥን የሚያስጀምረው ምንድን ነው?» የሚል ነበር። እናት ናት ወይስ ጽንሱ? ይህን ለማወቅ ገና በሆድ ላሉ ግልገሎች ኮርቲኮስቴሮይድ ይሰጥ ነበር። በጎቹ ቀድመው ወለዱ። ያ የጠበቀው ነበር። ያልጠበቀው ሌላ ነው፦ እንዲህ ቀድሞ የተወለደ፣ ሳንባው ገና ያልደረሰ፣ ወዲያው መሞት የነበረበት ግልገል ይተነፍሳል። መድኃኒቱ ሳንባውን አብስሎታል።

ሊጊንስ ሩጫውን ወደ ሰው አዞረ። ከሕፃናት ሐኪሙ ከሮስ ሃዊ ጋር በኦክላንዱ ናሽናል ውሜንስ ሆስፒታል ያለጊዜያቸው ሊወልዱ ለተቃረቡ እናቶች ቤታሜታዞን የተባለውን መርፌ በዕጣ ለገሚሶቹ ሰጡ፣ ለገሚሶቹ አልሰጡም። በ1972 የ282 እናቶችን ውጤት አሳተሙ። መርፌውን ካላገኙት እናቶች ልጆች ውስጥ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሞቱት ከመቶ 15 ነበሩ፤ ካገኙት ግን ከመቶ 3 ያህል። ሁለት መርፌ፣ በአንድ ቀን ልዩነት። ዋጋውም ርካሽ።

አሁን እናንተ «በማግስቱ ዓለም ሁሉ ተጠቀመበት» ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። በፍጹም።

22 ዓመት

ሐኪሞቹ አመነቱ። ማመንታታቸው ከሁሉ የበረታው እኛ በያዝነው ጉዳይ ላይ፣ ማለትም ውሃቸው በፈሰሰ እናቶች ላይ ነበር። ምክንያታቸው የሞኝ ምክንያት አልነበረም። ኮርቲኮስቴሮይድ የሰውነትን መከላከያ ያዳክማል፤ ውሃው የፈሰሰባት እናት ደግሞ በሯ ለተህዋስ ተከፍቷል። እንግዲህ የቪየናን ታሪክ የሚያውቅ ሰው በተከፈተ በር ላይ ዘበኛውን የሚያስተኛ መድኃኒት ልስጥ ይላል? አንዱን ገደል ስንደፍን ሌላውን ብናሰፋስ?

ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ችግሩ ጥያቄው መልስ እያገኘ መምጣቱና ጠያቂው አለመስማቱ ነው። ከ1972 በኋላ በየአገሩ ትናንሽ ጥናቶች ተሠሩ። እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ደካማ ነበሩ፤ አንዱ ይጠቅማል ሲል ሌላው እርግጠኛ አይደለሁም ይላል። በ1990 ፓትሪሺያ ክራውሊና ባልደረቦቿ የ12 ጥናቶችን ውጤት በአንድ ላይ ደምረው ሲያዩት ጥርጣሬ አልቀረም፦ መርፌው ነፍስ ያድናል፤ ውሃቸው ለፈሰሰ እናቶች ልጆችም ጭምር። የሕክምና ማስረጃዎችን የሚመረምረው ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት ዓርማ ላይ ያሉት አግዳሚ መስመሮች የእነዚህ የመርፌ ጥናቶች ውጤት ናቸው። ዓርማ ያደረጉት ለማስታወሻ ነው፤ ማስረጃ በመደርደሪያ ላይ ተበትኖ ሲተኛ ሕፃናት እንደሚሞቱ።

በ1994 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የጠሩት ጉባኤ መርፌው እንዲሰጥ በግልጽ መከረ። ያኔ በአሜሪካ ክብደታቸው ከአንድ ኪሎ ተኩል ከማይበልጡ ሕፃናት እናቶች መርፌውን ያገኙት ከመቶ ከ12 እስከ 18 ብቻ ነበሩ። በጨረቃ ላይ የተራመደች አገር! ከ1972 እስከ 1994 ያለውን እናንተው ቁጠሩት። 22 ዓመት። በእነዚህ ዓመታት የተወለዱና ታፍነው የሞቱ ሕፃናት ስም የትም አልተጻፈም። ገዳያቸው የእውቀት እጦት እንዳንል፣ እውቀቱ ነበረ።

ለሁሉም መድኃኒት?

«እንግዲያው ነገሩ ቀላል ነው፤ ሐኪሞች አትፍሩ፣ ያላችሁን ሁሉ ስጡ» ልትሉን ነው አይደል? ታሪኩ እዚህ ላይ ይጣመማል።

ውሃዋ ለፈሰሰ እናት ፀረ ተህዋስ መስጠት ተገቢ ይመስላል። በ2001 ከእንግሊዝ የተመራው ኦራክል የተባለ ትልቅ ጥናት ያለጊዜው ውሃቸው የፈሰሰ 4826 እናቶችን ይዞ ይህን ፈተነ። ኤሪትሮማይሲን የተባለው መድኃኒት ጠቀመ። በእኛ አገር ብዙ ሰው አውግመንቲን ብሎ የሚያውቀው ኮአሞክሲክላቭ ግን በሕፃናቱ ላይ አንጀትን የሚያቆስል ክፉ በሽታ አበዛ። ሁለቱም ፀረ ተህዋስ ናቸው፤ አንዱ ወዳጅ፣ ሌላው አደገኛ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው ምክር ኤሪትሮማይሲን ይሰጥ፣ ኮአሞክሲክላቭ ይቅር ያለው ለዚህ ነው። «ፋርማሲ ሄጄ አንድ አንቲባዮቲክ ልግዛላት» የምትሉ ደጋግ ባሎችና እህቶች ይህቺን አንቀጽ ሁለት ጊዜ አንብቡልን።

የባሰም አለ። የዚሁ ጥናት ሌላው ክፍል ምጣቸው ቀድሞ የመጣ ነገር ግን ውሃቸው ያልፈሰሰ እናቶችን ይመለከት ነበር። ለእነዚህ ፀረ ተህዋሱ አልጠቀመም። «ባይጠቅምም አይጎዳም» ተብሎ ታለፈ። በ2008 ልጆቹ ሰባት ዓመት ሲሞላቸው ዳግም ሲታዩ መድኃኒቱን ከወሰዱት እናቶች ልጆች ውስጥ የአንጎል ጉዳት ያስከተለው የእንቅስቃሴ እክል በዝቶ ተገኘ። እንግዲህ ውሃው ፈሰሰ ወይስ አልፈሰሰም የሚለው ጥያቄ ራሱ ስንት እንደሚያወጣ እዩት። ሐኪሙ ፈሳሹን አይቶ፣ በወረቀት ፈትኖ፣ ጠብታውን በማይክሮስኮፕ ሲደርቅ የፈርን ቅጠል ይመስል እንደሆነ የሚያየው ወግ ለማድረስ አይደለም።

መርፌውም ቢሆን ተፈትኗል። በ2015 የታተመ፣ ኬንያና ዛምቢያን ጨምሮ በስድስት አገሮች የተካሄደ ሰፊ ጥናት መርፌውን እስከ ታች ጤና ተቋማት ለማዳረስ ሞከረ። ተስፋው ትልቅ ነበር። በአጠቃላይ ሲታይ ግን የሕፃናት ሞት ቀነሰ ሳይሆን ጨመረ። ዓለም ደነገጠ። ከዚያ በ2020 በባንግላዴሽ፣ በሕንድ፣ በኬንያ፣ በናይጄሪያና በፓኪስታን 29 ሆስፒታሎች 2852 እናቶችን የያዘ ሌላ ጥናት ወጣ። በዚህኛው ዴክሳሜታዞን የተባለው መርፌ የሕፃናትን ሞት ቀነሰ። ልዩነቱ ምን ነበር? በሁለተኛው ጥናት የእርግዝናው ዕድሜ በአልትራሳውንድ ተለክቷል፣ እናቲቱ ኢንፌክሽን እንደሌለባት ታይቷል፣ ሕፃኑን የሚቀበል ክፍልም አለ። መርፌው ብቻውን ተአምር አይሠራም። ቤት ይፈልጋል።

መጠበቅ ወይስ መውለድ

ወደ መነሻ ጥያቄያችን እንመለስ። ጊዜዋ ለደረሰ እናት መልሱ በ1996 መጣ። በስድስት አገሮች 5041 እናቶችን የያዘው ጥናት ምጥ በመድኃኒት ወዲያው ቢጀመርም፣ ቢጠበቅም በሕፃኑ ላይ የሚደርሰው ኢንፌክሽን ተቀራራቢ ነው አለ። በምጥ መርፌ ወዲያው ማስጀመር ግን በእናቲቱ ላይ የሚመጣውን ኢንፌክሽን ይቀንሳል። የቀዶ ሕክምና ቁጥርም አልጨመረም። ስለዚህ ብዙ ቦታ ማስጀመር ተመረጠ፣ ትንሽ ልጠብቅ የምትልም ትሰማለች።

ከዚሁ ጥናት በቀጣዩ ዓመት አንድ ነገር ተለቅሞ ወጣ። በማህፀን ውስጥ ኢንፌክሽን መከሰቱን ከሁሉ አጉልቶ የሚያመለክተው የጣት ምርመራው ብዛት ነበር። ጓንት በለበሰ፣ በታጠበ እጅ! ሰመልቫይስ ቢሰማ ምን ይል ነበር? በ1847 «እጃችሁን ታጠቡ» ነበር ትምህርቱ። በ150 ዓመቱ «ብትታጠቡም ያለ ምክንያት እጃችሁን አታስገቡ» ሆነ።

ከ34 እስከ 36 ሳምንት ለደረሱትስ? ለረጅም ጊዜ ብዙዎች «34 ከሞላ ይወለድ» ይሉ ነበር። በ2016 የታተመ፣ በ11 አገሮች 1839 እናቶችን የያዘ ጥናት እናትም ልጅም ደህና ከሆኑ እየተከታተሉ መጠበቅ የሕፃኑን ኢንፌክሽን በጉልህ እንዳልጨመረ አሳየ። ወዲያው የተወለዱት ግን የትንፋሽ ችግር በዛባቸው፤ እናቶቻቸውም በቀዶ ሕክምና የመውለድ ዕድላቸው ጨመረ። በሌላ በኩል የጠበቁት እናቶች ደም መፍሰስና ትኩሳት በዛባቸው። ስለዚህ መጠበቅ ማለት እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። ሙቀት እየለኩ፣ የሕፃኑን ልብ እያዳመጡ፣ የፈሳሹን ሽታና ቀለም እያዩ ነው። ምልክቱ ሲመጣ ጥበቃው ወዲያው ያበቃል።

ጎልዌይ፣ ጥቅምት 2012

ምልክቱ መጥቶ ጥበቃው ባያበቃስ? በአየርላንዷ ጎልዌይ ከተማ የሆነው ይህ ነው። ሳቪታ ሃላፓናቫር የ31 ዓመት ሕንዳዊት የጥርስ ሐኪም ነበረች። የ17 ሳምንት ነፍሰ ጡር ሳለች ታማ በጎልዌይ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ተኛች። በጥቅምት 22 ለሊት ውሃዋ ፈሰሰ። በ17 ሳምንት የሚወለድ ጽንስ እንደማይኖር ለእሷም ለባሏም ተነግሯቸዋል። እርግዝናው እንዲቋረጥላት ጠየቀች። የጽንሱ ልብ ገና ስለሚመታ አይቻልም ተባለች። ይህ የሆነው በ1983 በሕዝበ ውሳኔ ወደ አየርላንድ ሕገ መንግሥት የገባው ስምንተኛው ማሻሻያ የጽንሱንና የእናቲቱን የመኖር መብት እኩል ስላስቀመጠ ነው። ሐኪሞቹ አንድ ዓይናቸው በሽተኛዋ ላይ፣ ሌላው ሕጉ ላይ ነበር። በዚህ መሃል ተህዋሱ ደሟ ውስጥ ገባ። ጥቅምት 28 ሞተች።

በ2013 የወጣው የምርመራ ሪፖርት ሕጉን ብቻ አልወቀሰም። የሳቪታ ሁኔታ በበቂ እንዳልተመዘነ፣ ክትትሉ እንደላላ፣ ያሉት የሕክምና አማራጮች ሁሉ እንዳልቀረቡላት፣ የደም መመረዝ መመሪያዎችም እንዳልተከበሩ አስፍሯል። ማለትም ሁለት ነገር ተደራረበ፤ የሕጉ ፍርሃትና የአልጋው ዳር ቸልታ። አገሪቱ ተናወጠች። በግንቦት 25 ቀን 2018 አየርላንዳውያን ማሻሻያውን በ66.4 በመቶ ድምፅ ሻሩት።

ስለ ጽንስ ማቋረጥ እዚህ ክርክር አንከፍትም፤ ሁሉም የየራሱ እምነት አለው። እኛን የሚያሳስበን አንድ ነጥብ ነው። «እንጠብቅ» የሚለው ቃል ሕክምና የሚሆነው የሚጠብቀው ሰው እየተመለከተ ከሆነ ብቻ ነው። እያዩ አለማየት ጥበቃ አይባልም።

ወደ ሰፈራችን

በ2005 በኢትዮጵያ ከተወለዱት ውስጥ በጤና ተቋም የተወለዱት ከመቶ 5 ያህል ነበሩ። በ2016 ከመቶ 26፣ በ2019 ከመቶ 48 ደረሰ። ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም። ከዚህ ጀርባ በየገጠሩ የተዘዋወሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና አዋላጅ ነርሶች አሉ። የወንጀል ሕጋችንም ከ2005 ጀምሮ የእናት ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ እርግዝናን ማቋረጥን ስለሚፈቅድ የጎልዌይ ዓይነት የሕግ ቋጠሮ እዚህ የለም። ቋጠሮው ያለው ሌላ ቦታ ነው።

ከ2016 እስከ 2018 ድረስ በአምስት ሆስፒታሎቻችን ያለጊዜያቸው በተወለዱ ሕፃናት ላይ ሰፊ ጥናት ተካሂዶ ነበር። ሕፃናቱ በምን ሞቱ? ከሞቱት ውስጥ ከመቶ 45 ያህሉ ባልበሰለ ሳንባ፣ ከመቶ 30 ያህሉ በኢንፌክሽን። ያው ሁለቱ ገደሎች! ጎርደንና ሰመልቫይስ የታገሉት፣ ኤቨሪና ሊጊንስ የታገሉት። ሁለቱም ላይ ዓለም ድልድይ ሠርቷል፤ እኛ ጋ ድልድዩ ገና ሁሉንም አያሻግርም።

ግን ደግሞ ባዶ እጃችንን አይደለንም። በ2005 ዶክተር ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሠሩትን ጥናት አሳትመው ነበር። ክብደታቸው ያነሰ ሕፃናትን ገና ከመጀመሪያው ሰዓታት ጀምሮ በእናት ደረት ላይ፣ ቆዳ ለቆዳ አድርጎ ማቀፍ ሞትን እንደሚቀንስ አሳዩ። ማሽን አይጠይቅም፣ መብራት ቢጠፋም አይቋረጥም። የሚጠይቀው ክፍል፣ የሚያስረዳ ነርስና እናቲቱ የምትቀመጥበት ወንበር ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ታሪክ እኛና እናንተ ምን እንያዝ? የመጀመሪያው የመጨረሻዋን የወር አበባ ቀን መጻፍ፣ አልትራሳውንድንም በጊዜ መነሳት ነው። ሙሉ ታሪኩን አይታችኋል፤ በ33 እና በ37 ሳምንት መካከል ያለው ልዩነት የሕክምናው ሁሉ ልዩነት ነው። ሁለተኛው፣ ውሃ ከፈሰሰ ወይም «ሽንት ይሁን ውሃ» ብላችሁ ከተጠራጠራችሁ ምጥ እስኪመጣ ቤት አለመቀመጥ። ሰዓቱን ያዙ፣ ንጹሕ ሞዴስ አድርጉ፣ ቀለሙን እዩ፣ ምንም ነገር ወደ ውስጥ አታስገቡ፣ ሂዱ። አረንጓዴ ከሆነ፣ ከሸተተ፣ ደም ካለበት፣ ትኩሳት ካለ ወይም የሕፃኑ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ደግሞ ሩጡ። ሦስተኛው መጠየቅ ነው። «የሳንባ መርፌ ያስፈልጋታል ወይ? የትኛው ፀረ ተህዋስ ነው? ስንጠብቅ ሙቀቷን በየስንት ሰዓቱ ነው የምትለኩት?» ብሎ በጨዋ ደንብ መጠየቅ ሐኪምን መድፈር አይደለም። የቪየና እናቶች የትኛው ክፍል እንደሚገድል ከፕሮፌሰሮቹ ቀድመው ያውቁ ነበር። የሰማቸው ግን አልነበረም።

ለመሆኑ በእናንተ አካባቢ ውሃ ቀድሞ ሲፈስ አሮጊቶቹ ምን ይላሉ? ምን ያደርጋሉ? አያቶቻችሁን ጠይቁና አጫውቱን። እስከዚያው የተረገዘውን በሽልም ያውጣልን፤ ቸር እንሰንብት።